የቪዮሌት ሄይማን ዝምታ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በለስላሳ ፓስቴል፣ ማለትም ጠመኔ በሚመስል የቀለም ዱላ፣ የእህቴን ፊት ስሥል፣ የጉንጯ ጠርዝ ከጀርባዋ ካለው ሰማያዊ ጋር ሲዋሐድ አየሁና ፈረንሳዊው ሲምቦሊስት (ሕልምንና ሐሳብን በምስል የሚገልጽ) ሠዓሊ ኦዲሎን ሬዶን እ.ኤ.አ. በ1910 በፓስቴል የሠራው የቪዮሌት ሄይማን ምስል ትዝ አለኝ። ወጣቷ በጎን ተቀምጣለች፤ ከፊት ለፊቷ የተንሳፈፉት አበቦች ከአፈር የበቀሉ ሳይሆኑ ከሐሳቧ የፈለቁ ይመስላሉ። ሬዶን ለብዙ ዓመታት ይበልጥ የሚታወቀው በከሰልና በሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተሥሎ በሚታተም ሥዕል) በሠራቸው ጥቁር ሥዕሎች ነበርና፣ ይህን ሁሉ ቀለም እስከዚያ የት አቆይቶት እንደነበር አሁንም ይደንቀኛል። ፓስቴል የቀለሙን ዱቄት የሚያጣብቀው ማያያዣ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ቀለሙ በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ላይ እንደ ብናኝ ያርፋል፤ ብርሃንም በብናኙ ላይ ስለሚበተን ፊቱ በሕልም እንደታየ ይሆናል። እኔም አንገቷን በጣቴ ባሻሸሁ ቁጥር እህቴ እየራቀችኝ ሄደች፤ ዓይኖቿን ግን ሳልነካ ተውኳቸው።