ድረ ገጽ ማሳያን በዴስክቶፕ ፕሮግራም ውስጥ እንዴት እንዳስገባሁ

ለጅምላ አከፋፋዮች የመጋዘንና የሽያጭ ፕሮግራም በሲ ሻርፕ ቋንቋና የዊንዶውስ መስኮቶችን ለመገንባት በሚያገለግለው በደብሊው ፒ ኤፍ የምሠራው ደሴ ላይ ተቀምጬ ሲሆን፣ ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ኮምቦልቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆኑ አንጋፋ የመጋዘን ኃላፊ የወር ሪፖርቱን እያዩ «ልጄ፣ ቀኑ በፈረንጅ ከሆነ ከእጅ መዝገቤ ጋር በምን አስተያየዋለሁ?» ሲሉኝ «አብሽሩ ጋሼ፣ በእኛው አቆጣጠር ይወጣል» አልኳቸው። ሲ ሻርፕ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት መድረክ ዶት ኔት የዕብራይስጡን፣ የፋርሱንና የታይላንዱን ዘመን አቆጣጠር ይዞ የኢትዮጵያን ግን አልያዘም። በክሮሚየም ላይ የተመሠረቱ አሳሾች (እንደ ክሮምና ኤጅ ያሉት) በአንጻሩ ያውቁታል፤ በጃቫስክሪፕት በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጽፉ ሲታዘዙ ጳጉሜንን ሳይቀር በትክክል ያወጣሉ። ሪፖርቱን፣ የእቃ ማውጫ ቅጹንና የአጠቃቀም መመሪያውን ሁሉ በኤች ቲ ኤም ኤል አዘጋጅቼ በአንድ ማሳያ ለማቅረብ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዊንዶውስ ጋር የቆየው ዌብ ብራውዘር ኮንትሮል (ኮንትሮል ማለት በመስኮት ውስጥ የሚቀመጥ አካል ነው) በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የዊንዶውስ ቅንብር የሚቀመጥበት ሬጅስትሪ ካልተስተካከለ ገጹን እንደ 7ኛው ስሪት ያሳያል። ስለዚህ በኤጅ ላይ የተገነባውን የማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ማሳያ፣ ዌብቪው 2ን፣ መረጥኩ። ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮ ይመጣል፤ በሌለበት ማሽን ግን ያለ ኢንተርኔት የሚጫነውን ሙሉ ፋይል በፍላሽ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ዊንዶውስ 7ና 8.1 ላይ የሚሠራው የዌብቪው 2 የመጨረሻ ስሪት 109 ስለሆነ፣ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ለሚሠራ ደንበኛ ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ዋናው ሥራ ዌብቪውን በራሴ ኮንትሮል መሸፈን ነበር። የፕሮግራሙ ሌሎች መስኮቶች ከዚህ ኮንትሮል የሚያውቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ገጽ አሳይ፣ ይህን ዳታ ለገጹ ስጥ፣ ገጹ ያለውን ንገረኝ። ዌብቪው ሲነሳ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከመዘጋጀቱ በፊት የሚመጡ ትእዛዞችን ኮንትሮሉ ራሱ ተራ አስይዞ ያቆያቸዋል፤ ጠሪው ስለ መጠበቅ ምንም አያስብም። አሳሹ ኩኪና ካሽ የሚያስቀምጥበት ፎልደር ደግሞ፣ ካልተቀየረ፣ ከፕሮግራሙ አጠገብ ይፈጠራል። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ የተጫነ ሶፍትዌር ግን እዚያ የመጻፍ ፈቃድ ስለማይኖረው ማሳያው ጭራሽ አይነሳም፤ በመሆኑም ቦታውን በተጠቃሚው የግል ፎልደር ሥር ወሰንኩለት።

ገጾቹ ከማሽኑ ላይ ስለሚነበቡ ኔትወርክ ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ፋይሎቹን በቀጥታ ከዲስክ መክፈት ግን ጃቫስክሪፕቱ ሌሎች ፋይሎችን እንዳያነብ ያግደዋል፤ ስለዚህ ፎልደሩን ለአንድ ምናባዊ የድረ ገጽ ስም አሰርኩት። ስሙ በእውነተኛ ድረ ገጽ ያልተያዘ መሆን አለበት፤ በዚህ ረገድ ለምሳሌነት በተከለለው «ዶት ኤግዛምፕል» መጨረስ አስተማማኝ ነው። ከዚህ ስም ውጭ የሚሄድ ማንኛውም ሊንክ በማሳያው ውስጥ አይከፈትም፤ ኮንትሮሉ አስቁሞ ወደ ተጠቃሚው አሳሽ ይልከዋል። ከገጹ የሚመጣ መልእክትም ከዚሁ ስም መምጣቱ ሳይረጋገጥ አይነበብም። የሽያጭ ዳታ የሚነካ ፕሮግራም ስለሆነ ይህን በር ማጥበቅ ቀላል ነገር አይደለም።

መደበኛው የዌብቪው ኮንትሮል የራሱ መስኮት ስላለው የደብሊው ፒ ኤፍ ቁልፍ ወይም ማስጠንቀቂያ በላዩ ላይ ሊሳል አይችልም፤ የ«እርግጠኛ ነዎት?» ጥያቄ በገጹ ውስጥ ወይም በተለየ መስኮት መምጣት አለበት። ብዙ ማሳያ የሚከፈት ከሆነም ሁሉም አንድ የአሳሽ ሂደት እንዲጋሩ ማድረግ፣ መስኮቱ ሲዘጋም ማሳያውን በግልጽ መልቀቅ ሚሞሪ ይቆጥባል።

የግዕዝ ፊደል በየማሽኑ በአንድ መልክ እንዲታይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከገጾቹ ጋር በፎልደሩ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ወደ ፒዲኤፍ ሲላክም ያው ፊደል ይከተለዋል። አሁን አንድ ሪፖርት ሲስተካከል የሚቀየረው የኤች ቲ ኤም ኤል ፋይሉ ብቻ በመሆኑ፣ ኮምቦልቻ ላለው ደንበኛ በቴሌግራም ልኬለት በፎልደሩ ውስጥ ይተካዋል፤ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን አያስፈልገውም።