አይዳ በሰባ ሰባት

ዛሬ ወ. ሥራዬን ስለ መልቀቄ ጉዳይ ደውሎ «እና መቼ ነው የምትለቂው?» ሲለኝ መልስ ስላጣሁ፣ ከሰዓቱን የሊዮንታይን ፕራይስን ድምፅ ሳዳምጥ ዋልኩ። ሆድ ሲብሰኝ ወደ እሷ እንደምሸሽ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1927 በሚሲሲፒዋ ሎረል ከአዋላጅ እናትና ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ አባት የተወለደችው ይህች ሶፕራኖ (በቀጭኑ የሴት ድምፅ የምትዘፍን የኦፔራ ዘፋኝ)፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት መጀመሪያ በጣሊያናዊው ቨርዲ «አይዳ» ኦፔራ ውስጥ አይዳን እንድትጫወት ሲጋብዛት አልተቀበለችም። አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ጥቁር ዘፋኝ ስትጫወታት ግን ለዚያ ዘመን ተመልካች ቀድሞ የሚታየው ልዕልትነቷ ሳይሆን ባርነቷ ነበር። ሚናውን ጠልታው አይደለም፤ በቪየናም በሚላኑ የላ ስካላ ኦፔራ ቤትም ተጫውታዋለች። ሜትሮፖሊታን የገባችው ግን እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1961 በቨርዲ «ኢል ትሮቫቶሬ» ውስጥ እመቤት ሌኦኖራን ሆና ነው፤ የዚያን ምሽት ጭብጨባም ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደዘለቀ ይነገራል።

በእመቤትነት የገባችበትን ቤት የተሰናበተችው በአይዳ ነው። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1985፣ በእኛ ታኅሣሥ 25 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር፤ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው። በሦስተኛው ገቢር አይዳ አባይ ዳር ሆና፣ ዳግም ስለማታያት አገሯ፣ ስለ ጥርት ያለ ሰማይዋና ስለ ለምለም ኮረብቶቿ ታንጎራጉራለች (ውሃው ከዚያችው አገር እንደመጣ ደራሲዎቹ ልብ ያሉት አይመስለኝም)። ዜማው ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እሷ ግን ለደቂቃዎች ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ እንባዋን እየታገለች፣ አይዳን እንደሆነች ቆመች።

ምስሉን ስንት ጊዜ አይቼው ቀኑን አስቤው አላውቅም ነበር። ዝግጅቱ በቀጥታ በቴሌቪዥን ተላልፏል፤ በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ ኢትዮጵያ ሲያወራ የሚያሳየው ግን የሰባ ሰባቱን ድርቅ ነበር፤ ኮረምን፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ እናቶችን፣ ለምለም የሚባል ነገር የሌለበትን ተራራ። ካጨበጨቡት መካከል ያችን አገርና ይህችን አገር ያገናኘ አንድ ሰው ይኖር ይሆን? ለእሷስ፣ በዚያ ሁሉ ዝምታዋ ውስጥ፣ ትዝ ብሏት ይሆን? ወይስ እኔው ነኝ በሰው ጭብጨባ መሃል ለቅሶ የምቀመጠው?