ለሞርፊን ረዳት፦ ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ የነጥብ ማነቃቂያ አጠቃቀሜ

ጎጃም ውስጥ ማህፀናቸው የወጣላቸውን እናት «ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ መልሱ «ተመስገን» ነው። እኔ «እናቴ፣ እስቲ ሳል ይበሉ» እላለሁ፤ ከዚያ ሕመሙን ከአሥሩ ጣታቸው ቆጥረው ያሳዩኛል። ከ4 ጣት በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይቀድማል፣ ቴንስ የሚባለው፣ ቆዳ ላይ በተለጠፈ ላስቲክ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ማሽን ይከተላል።

መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ነው የምሰጠው፦ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ሞርፊን ደግሞ በደም ሥር 2 ሚሊ ግራም እየተባለ፣ በየመካከሉ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እየጠበቁ። ማሽን ተገጠመ ብሎ መጠኑን አስቀድሞ መቀነስ ስሕተት ነው። ሕመሙ ከቀነሰ የሚቀጥለው መርፌ በራሱ ይዘገያል።

ላስቲኩ የሚለጠፍበት ዋናው የአኩፓንክቸር (የቻይና መርፌ ሕክምና) ነጥብ ኔይጓን ነው፤ ከእጅ አንጓው እጥፋት 3 ጣት ወደ ክንድ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል። የሚለካው በታካሚዋ ጣት ነው፤ በእኔ ወፍራም ጣት ስለካ ቦታውን አልፌዋለሁ። ሁለተኛው ላስቲክ በዚያው እጅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይለጠፋል። አንዱን ቀኝ፣ ሌላውን ግራ እጅ ላይ ማድረግ አይገባም፤ ኤሌክትሪኩ በደረት በኩል ያልፋል። ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ያለበትን እጅ እተወዋለሁ። የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን ለተተከለላቸውና የሚጥል በሽታ ላለባቸው አልጠቀምም።

ቴንሱን 2 እና 100 ኸርዝ (በሰከንድ የሚሰጠው ምት ብዛት) እየተፈራረቀ ለ30 ደቂቃ አስኬደዋለሁ። ዝቅተኛው ኢንዶርፊንን፣ ከፍተኛው ዳይኖርፊንን ያስለቅቃል፤ ሁለቱም የሰውነታችን የራሱ ኦፒዮይድ፣ ማለትም ሞርፊን መሰል የሕመም ማስታገሻ ናቸው። ጥንካሬው ደህና አድርጎ እስኪነዝር እንጂ እስኪያም አይደለም።

ቅቤ የተቀባ ቆዳ ላይ ላስቲኩ በጠርዙ ይነሳና ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያቃጥላል። መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ፣ ከዚያ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ ነው።

የበለጠ የሚያሳስተው ግን እግር ነው። ከቁርጭምጭሚቱ የውስጥ አጥንት ጫፍ 4 ጣት ከፍ ብሎ፣ ከቅልጥሙ ኋላ ሳንይንጂያዎ የሚባለው ነጥብ አለ። የወገብ ማደንዘዣ ሳይለቅ እዚያ ከለጠፋችሁ «አልተሰማኝም» ትላለች፣ እናንተም ትጨምራላችሁ፤ ማደንዘዣው ሲለቅ በድንጋጤ ትዘላለች፣ ስፌቱም ይጎተታል። እግሯን አጥፋ እስክትዘረጋና መቆንጠጥ እስኪሰማት እጅ ላይ ብቻ ቆዩ።

ኔይጓን ለማቅለሽለሽ እንደሚረዳ ያለው ማስረጃ ለሕመም ካለው ይጠነክራል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲያልቅ አስታማሚዋ ኔይጓንን በአውራ ጣት ብትጫን እንኳ ይረዳል።

ሕመሙ ሲበርድ ቀድሞ የተሰጠው ሞርፊን ማስተኛት ይጀምራል፤ ሕመም ራሱ ሰውን ያነቃልና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ትንፋሽ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል። ከ10 በታች ከሆነ ወይም ስትጠራ ቶሎ ካልነቃች መርፌው ይቀራል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሐኪም ይጠራል፤ ናሎክሶን (የሞርፊን ማርከሻ) አልጋው አጠገብ ካልተቀመጠ ሞርፊን አልጀምርም።