ለገሰ ተፈራ፦ ከውጊያው ደቂቃዎች እስከ እስሩ ዓመታት

የብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የአየር ላይ ውጊያቸውን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በይፋ ኦጋዴንን ሲወር የአየር ኃይላችን አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5ኢ ጄቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አሜሪካም በዚያው ዓመት ወታደራዊ ዕርዳታዋን በማቋረጧ የመለዋወጫ ዕቃ ጭንቅ ሆኖ ነበር። ሶማሊያ በበኩሏ ከሶቭየት ኅብረት ያገኘቻቸውን ሚግ-17 እና ሚግ-21 ጄቶች አሰልፋለች።

ኤፍ-5ኢ ባለ አንድ መቀመጫ ጄት በመሆኑ አብራሪው ብቻውን ራዳሩን ያያል፣ ሬዲዮውን ያዳምጣል፣ ነዳጁን ያሰላል። ሙቀት ተከትሎ የሚመታውን ሳይድዋይንደር ሚሳይል ለመተኮስ በአመዛኙ ከባላጋራው ጀርባ መግባት ነበረበት፤ ሚሳይሉ የሞተሩን ሙቀት ሲያገኝ በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ይሰማል፣ ያኔ ይተኩሳል። ለገሰ በእንዲህ ያለ ውጊያ በርካታ ሚጎችን መትተው ጥለዋል።

በኋላ የእርሳቸውም ጄት ተመታ፤ በሕይወት ተርፈው ተማረኩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ወጥታ አገር በካራማራ ድል ስትደሰት እርሳቸው በጠላት እጅ ነበሩ። ጦርነቱ ቢያበቃም ሁለቱ መንግሥታት ባለመታረቃቸው እስሩ 11 ዓመት ዘለቀ። በ1980 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማምተው ምርኮኞች ሲለዋወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የአገሪቱም ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ።

ለእኔ የሜዳዩ ትልቁ ትርጉም ያለው በእነዚያ 11 ዓመታት ውስጥ ነው። አየር ላይ ያለ አብራሪ ሥልጠናው ያግዘዋል፣ ጓዶቹ በሬዲዮ ይደርሱለታል፣ ውጊያውም በደቂቃዎች ይለይለታል። ምርኮኛ ግን መቼ እንደሚፈታ ሳያውቅ፣ ቤተሰቡ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይሰማ፣ በየማለዳው ጽናቱን እንደ አዲስ ማደስ ይኖርበታል፤ የሚያየው አዛዥም ሆነ የሚመሰክርለት ዘገባ የለም። ስለዚህ የጄኔራሉን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች የጣሏቸውን ሚጎች ብዛት ስንከራከር የእስሩን ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋችን በእጅጉ ያሳዝነኛል።

በዚያው የምርኮኞች ልውውጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሜዳይ ያላጠለቁ ተራ ወታደሮች ናቸው፤ በሕይወት ያሉት የእስር ዘመናቸውን በራሳቸው አንደበት እንዲያስመዘግቡ ዛሬውኑ መጠየቅ አለባቸው።