አንድ ድስት፣ ሁለት ፆም

ደቡብ ዴልሂ ውስጥ ለሕክምና የሚመጡ ሐበሾች የሚያርፉበት አንድ ገስት ሃውስ እሠራ ነበር። ሥራዬ ቁርጥ ያለ ስም አልነበረውም። አስተርጓሚ ነኝ፣ ተላላኪ ነኝ፣ ከሆስፒታል ሒሳብ ክፍል ጋር ተጨቃጫቂ ነኝ። አስቤዛ የምገዛውም እኔው ነኝ። ጉድ ያመጣችብኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

ወጥ ሠሪያችን ከቢሃር የመጣ ሰው ነበር። «ማሃራጅ» እንለዋለን፤ ታላቅ ንጉሥ ማለት ነው። እዚያ አገር ወጥ ሠሪን እንዲህ መጥራት የተለመደ ነው። (ሽሮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በወሩ በለጠኝ።) ጽዳቱንና አጠባውን የያዘችው ሴት ደግሞ የማቱራ አካባቢ ልጅ ናት። «ዲዲ» እላታለሁ፣ እትዬ እንደማለት። እሷም «ባይያ» ትለኛለች፣ ወንድሜ። የምትኖረው እዚያው ቤት፣ ጣሪያው ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ፍልሰታ ገብቷል። አስታማሚዎቹ ይፆማሉ፤ ከታማሚዎቹም ሐኪም እየተቆጣው የሚፆም አልጠፋም። ሰኞ ዕለት ዲዲ መጥታ «ባይያ፣ ዓርብ ቭራት ነኝ» አለችኝ። ቭራት ፆም እንደሆነ አውቃለሁ። ጃንማሽታሚ ደርሷል፣ የሂንዱዎቹ አምላክ የክሪሽና ልደት። ዓርብ ደግሞ ነሐሴ 13፣ የኛ ቡሄ!

«ሁላችንም ፆመኛ ከሆንንማ ተገላገልኩ» አልኩ። አንድ ትልቅ ድስት ምስር ወጥ፣ ሩዝ፣ እንጀራ። ለሐበሻውም ለህንዱም ይበቃል። ወተት አመላላሹንም «ዓርብ እንዳትመጣ፣ የሚጠጣ የለም» ብዬ አሰናበትኩት።

ዓርብ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ማሃራጅ ፓራታውን፣ ያንን የተጠበሰ ቂጣ፣ በሻይ እያወረደ ነው። እሱም ሂንዱ ነው፣ ክሪሽናንም ያከብራል። እንግዲያው ቂጣ ይፈቀዳል ማለት ነው አልኩ። ምስክር አገኘሁ።

ከአስታማሚዎቹ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ሰኞ ለልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዟል። እማማ እንላቸዋለን። ሌሊት ተነስተው በህንድ ዱቄት ሙልሙል ጋግረው ነበር። «ሆያ ሆዬ የሚለኝ ባይኖርም ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሽተት» አሉና ለሁሉም አደሉ። ለዲዲም ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ግንባሯን አስነካችው፣ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጣሪያው ይዛው ወጣች። ቁራሽ እንኳ አልቀመሰችም።

እማማ ከፋቸው። «ዳቦዬን ናቀችው» አሉኝ። «ኧረ አይደለም፣ ሰዓቷ ስላልደረሰ ነው» አልኳቸው። እኔ በፍልሰታ ልክ ነው የማስበው። ቅዳሴ እስኪወጣ እንደምንቆየው እሷም ሰዓት ትጠብቃለች ብያለሁ። ምሳ ላይም ምስሩን ሳትነካ አለፈች። እኔም አልጠየቅኩም።

9 ሰዓት ገደማ እማማ ከደረጃው «ኧረ ልጅቷ!» ብለው ጮኹ። ሮጥኩ። ዲዲ አንሶላ እንደታቀፈች ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። እማማ ሎሚና ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጧት። ትንሽ ቆይታ መለስ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነገርኩህ እኮ። ቭራት ነኝ አልኩህ።»

ማሃራጅ ነገሩ ሲገባው ግንባሩን መታ። ሳቁን መያዝ አቅቶታል። ለካ ያንን ሁሉ ድስት የጣድኩት በተከለከለው እህል ነው። ሩዝ የለም። ስንዴ የለም። ምስር የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጭራሽ። የዘወትሩ ጨው እንኳ አይገባም፤ ከተራራ የሚወጣ የድንጋይ ጨው አላቸው፣ እሱ ብቻ ነው። የሚበላው ፍራፍሬ፣ ድንች፣ ለውዝ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወተት! እርጎ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እኛ የምንሸሸው ሁሉ። ክሪሽና ያደገው በከብት አርቢዎች መንደር ነው። ሕፃን ሳለ ጎረቤት እየገባ ቅቤ ይሰርቅ ነበር ይባላል፤ ሥዕሉም እጁን ማሰሮ ውስጥ ከቶ ነው። ዲዲ ቀኑን የምትውለው በወተት ነበር። እኔ ደግሞ የቅቤ ወዳጁን ልደት ከወተት አጸዳሁት!

«አንተስ?» አልኩት ማሃራጅን። «ጠዋት ፓራታ ስትገምጥ አይቼሃለሁ።»

«የኔ ትናንት ነበር» አለኝ ረጋ ብሎ።

በዓሉ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። አሽታሚ ስምንተኛ ማለት ነው፤ ጨረቃ ከሞላች በኋላ ያለው ስምንተኛ ቀን። ክሪሽና የወላጆቹ ስምንተኛ ልጅ ነው፣ ከአምላኩ ከቪሽኑ መገለጦችም ስምንተኛው። የጨረቃ ቀን ግን በእኩለ ሌሊት አይጀምርም። በዚያ ዓመት ስምንተኛዋ የገባችው ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ የወጣችው ዓርብ ማታ 5 ሰዓት ገደማ። ክሪሽና የተወለደው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ አንዳንዱ ሐሙስ ሌሊትን ያዘ። ሌላው ፀሐይ ስትወጣ ስምንተኛዋ ያለችበትን ቀን ያያል፣ ዓርብን ያዘ። ባሕረ ሐሳብ ላለው ሕዝብ ይሄ አይገርምም። እኔን ግን አሳስቶኛል። ማሃራጅ ሐሙስ ሙሉ ቀን ፆሞ ሲሠራ አላየሁትም፤ ያየሁት ሲፈስክ ብቻ ነው።

ዝናቡ ውስጥ ሮጬ ጥግ ካለው መሸጫ 3 ሊትር ወተትና እርጎ አመጣሁ። ማሃራጅ ድንች ቀቀለ፣ በዘይት፣ በከሙንና በድንጋይ ጨው አሸው። እማማም ቀመሱ። «ይሄማ የኛም ፆም ነው» አሉ። ማሃራጅ ስልኩን ድስቱ አጠገብ አቁሞ የሙምባይን ወጣቶች ያያል። እዚያ የበዓሉ ጨዋታ ሌላ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተደራርበው ከላይ የተሰቀለ የእርጎ ማሰሮ ይሰብራሉ። ያን ሰሞን ሙምባይ ያለችበት የማሃራሽትራ ክልል መንግሥት ስፖርት ነው ብሎላቸው ነበር።

ማታ ዲዲ ጣሪያው ላይ ጠራችን። ከደጃፉ እስከ መሠዊያዋ ድረስ በሩዝ ዱቄት ትንንሽ የሕፃን እግሮች ታትመዋል። የጭብጧን ጎን ዱቄት ነክራ ታትማለች፣ ጣቶቹን በጣቷ ጫፍ ትነቁጣለች። ሕፃኑ ገባ ለማለት ነው። እማማ እንዳይረግጡት ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጠርዝ በጠርዝ ገቡ። ታሪኩን ንገሪን አልናት፣ እኔ አስተረጎምኩ።

የማቱራው ንጉሥ ካምሳ የእህቱ የዴቫኪ ስምንተኛ ልጅ እንደሚገድለው ትንቢት ሰማ። እህቱንና ባሏን አሰረ፣ የሚወለዱትንም ልጆች ገደለ።

«ሄሮድስ!» አሉ እማማ። «ስንቱ ንጉሥ ነው ሕፃን የሚፈራ!»

ስምንተኛው ሲወለድ ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ዘበኞቹ እንቅልፍ ጣላቸው። አባቱ በቅርጫት ተሸክሞት በዝናብ የሞላውን ያሙናን ተሻገረ። ጎኩል የምትባል መንደር ደርሶ ለያሾዳ ተወው፣ እሷም አሳደገችው። ያሙና እኮ በዴልሂም ያልፋል። ዲዲ በእጇ ወደ ጨለማው ጠቆመችን።

«እናቲቱስ?» አሉ እማማ። «ልጇን መቼ አየችው?»

አድጎ ተመልሶ ካምሳን ገድሎ ነው ከእስር ያወጣት፣ አለች ዲዲ። እማማ ዝም አሉ። ሰኞ ትዝ ብሏቸው እንደሆነ ገባኝ።

እኩለ ሌሊት ላይ ዲዲ ከነጭራዋ አንድ ዱባ መሳይ ኪያር አነሳች። ጭራዋን በሳንቲም ጫፍ ቆረጠቻት፤ ያቺ እትብቱ ናት። ትንሿን ምስል በወተት፣ በእርጎ፣ በቅቤ፣ በማርና በስኳር አጠበች፣ አልብሳ ትንሽዬ ዥዋዥዌ ላይ አስተኛች። ገመዱንም እየሳበች ታወዛውዛት ጀመር። ከየቤቱ ደወል ይሰማል።

ከዚያ በሳህን የተፈጨ ድንብላል በስኳርና በቅቤ የታሸ ይዛ መጣች። እህል ስለማይቻል ነው ድንብላል የሆነው። ለእማማ ልትዘረጋ አለችና እጇን መለሰች። ወደ እኔ ዞረች።

«ባይያ፣ እናንተ ስትፆሙ የማትበሉት ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ቅቤ ስል ሳቀች። ሳህኑን አስቀምጣ ኪያሩን ከታትፋ አቀረበችልን።

ቅዳሜ ጠዋት ዲዲ ያንን ጨርቅ ይዛ ወረደች። ወጥ ቤት ቁጭ አለች፣ የወተት ሻይ ቀዳች፣ ሙልሙሉን እየነከረች ሙሉውን በላች። እማማ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ደረቀባት እኮ! ትኩሱን አልበላችው!»

«ጥሩ ነው ትላለች» አልኳቸው።

አላመኑኝም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ዱቄቱን አወረዱ።