ጂንባር ላይ ጉሙ ሲገለጥ

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ጂንባር ፏፏቴ ደርሰን ተመለስን። በዚህ ክረምት ጎርጎራ ሄደን ጣና ዳር ውለናል፣ ቁስቋምንም በእግር ወጥተናል። ስሜንን ግን ሆን ብለን ለነሐሴ አቆየነው፤ ውሃው የሚሞላው አሁን ነዋ!

ከጎንደር በሌሊት ተነስተን ደባርቅ ቁርስ በላን። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሳንቃበር ወዲያ በእግር፣ ያውም በጭቃ። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጉም ብቻ! የውሃው ድምፅ ይሰማል፣ ምንም አይታይም። እኔ እንመለስ አልኩ። እሷ «ትንሽ እንጠብቅ» አለችኝ። ጋቢውን ለሁለት ተከናንበን ቆሎ እየቆረጠምን ተቀመጥን።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነፋስ መጣና ጉሙን ገለጠው። ባለፈው በጋ ክር የምታህል የነበረችው ውሃ ገደሉን ሙሉ ነጭ አልብሳዋለች። እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ሁለታችንም ቃል አልወጣንም።

ስንመለስ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ሳር ይነጫሉ። አንዷ ልጇን አዝላ በሁለት እጇ ቶሎ ቶሎ እየነጨች ወደ አፏ ትልካለች። ቀና ብላም አላየችን። እነዚህ ፍጥረቶች ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሉም፤ ልጆቻችን ይህን ሳያዩ ማደግ የለባቸውም።

ዋልያ አላየንም። ለጥቅምት ተቃጥረናል። ጫማችን አሁንም በር ላይ ጭቃውን ያንጠባጥባል።