ስሌንግ ቴንግ፦ ከአንዲት ካሲዮ ውስጥ የወጣ ሪዲም

የጃማይካው ሬጌ ዘፋኝ ዌይን ስሚዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ በ1985 የወጣውን «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ»ን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1965 ኪንግስተን ውስጥ፣ ዋተርሃውስ በሚባል ሰፈር ተወለደ። ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ለሰፈሩ ፕሮዲውሰር ለፕሪንስ ጃሚ መዝፈን ጀመረ፤ በ1982 አልበም አወጣ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ዋተርሃውስ ግን ጥሩ ድምፅ የሚቸግረው ሰፈር አልነበረም።

ነገሩን የቀየረችው የጓደኛው የኖኤል ዴቪ ኪቦርድ፣ ካሲዮ ኤምቲ-40 ናት። 37 ዋና ቁልፎችና 15 ትናንሽ የቤዝ ቁልፎች ያሏት፣ ለቤት መዝናኛ የተሠራች ርካሽ ዕቃ። ሪትሙን «ሮክ» ላይ አድርጎ «ሲንክሮ»ን መጫን፣ ከዚያ የዲ ቤዝ ቁልፍን መንካት፤ በቃ፣ ድራሙና ቤዙ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ጃማይካውያን ሪዲም የሚሉት፣ ዘፈን የሚቀመጥበት ምት ማለት ነው። ምቱን የሠራችው የካሲዮ ሠራተኛ ሂሮኮ ኦኩዳ ናት። የኮሌጅ መመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሬጌ ነበር፤ «ሮክ» የሚለው ስም ብዙም ባያታልለን ይሻላል።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ኪቦርዷ እንደምታወጣው ከተተወ ለዘፋኝ ይቸኩላል፣ የልጆች መጫወቻም ይመስላል። ጃሚ ፍጥነቱን አወረደው፣ ከስሚዝ ድምፅ ጋር አስማማው፣ ፒያኖና ጭብጨባ ጨመረበት። ዘፈኑ ራሱ ቀድመው ከወጡ የባሪንግተን ሊቪና የየሎማን ዘፈኖች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ዳንስሆል በሚባለው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ ውስጥ ይሄ ነውር አይደለም።

ጃሚ የካቲት 1985 ዋልታም ፓርክ ሮድ ላይ ከብላክ ስኮርፒዮ ሳውንድ ሲስተም (ትልልቅ ስፒከር ይዞ ሙዚቃ ከሚያጫውት ቡድን) ጋር ሲፎካከር ሪዲሙን ለቀቀው፤ ሕዝቡ አበደ። ከዚያ ያለው የጃማይካ የተለመደ አሠራር ነው፦ ፕሮዲውሰሩ ያንኑ ሪዲም ለሌሎች ዘፋኞች ይሰጣል። ቴነር ሶው «ፓምኪን ቤሊ»ን፣ ጆኒ ኦዝቦርን «በዲ ባይ»ን ዘፈኑበት። አጭር ዙር እየተደጋገመ ስለሚሄድ የፈለጉት ዜማ ይቀመጥበታል፤ ድራመርና ቤዚስት መክፈልም የለም። በእኔ ግምት ትልቁ ለውጥ ይሄኛው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በሰዓት ይሠሩ የነበሩ ሙዚቀኞች ሥራቸው ሳሳ፣ ሌሎች ፕሮዲውሰሮችም ወደ ኪቦርድና ድራም ማሽን ዞሩ።

ስሚዝ ራሱ እንደዚያ ያለ ሥራ አልደገመም። ሪዲሙ የሁሉም ሲሆን የመጀመሪያው ዘፋኝ ከብዙዎቹ አንዱ ይሆናል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ሄዶ ስሌንግ ቴንግ የሚል የራሱን የሙዚቃ ድርጅት ከፈተ፤ የካቲት 2014 ኪንግስተን ውስጥ በ48 ዓመቱ አረፈ።

ምቱን በእጃችሁ መሞከር ለምትፈልጉ፦ አሮጌዋ ኤምቲ-40 ካልተገኘች ካሲዮ ኋላ ላይ ባወጣው ትንሽ ኪቦርድ፣ ኤስኤ-46 ላይ፣ ያው ምት «ኤምቲ40 ሪዲም» በሚል ስም አለ። መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀንሱት።